የቀኝ ጎኗ ክዳን

ባለፈው ሳምንት በረንዳዬ ላይ የተከመረውን ካርቶን ሳራግፍ፣ ከታች በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እጄ ላይ ከበድ አለኝ። ፈታሁት። ከጣቴ ረዘም የሚል፣ የጠቆረ፣ መሀሉ የተበላ ብረት ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ልጄን «ይሸትሻል?» ብላት «ዝገት ነው እማ፣ ጣይው» አለችኝ። ለሷ ዝገት ነው። ለኔ ግን ግራሶና ላምባ ነው፤ ያ የሠራተኛ ሠፈር ግቢያችን ነው።

ይሄን ለማንም አውርቼ አላውቅም፣ ላንቺ ልንገርሽ።

አባዬ ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት አስተናጋጅ ነበር። ትሪ ሙሉ ማኪያቶ ይዞ በሰው መሀል ሲሽሎከለክ ጠብታ አይፈሰውም። አንድ የክረምት ጠዋት ግን የረጠበ ደረጃ አንሸራተተውና የቀኝ ጉልበቱ ተሰበረ። ጀሶው ሲፈታለት እግሩ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ አልታጠፍም አለ። ሐኪሙ እማዬን ገለል አድርጎ «ይኼ ጉልበት ካሁኑ ካልተንቀሳቀሰ ደርቆ ይቀራል። ብስክሌት የለውም? ብስክሌቱ ባለበት ቆሞም ቢሆን ፔዳል ይምታ» አላት።

ብስክሌትማ ነበረችው። ሳያገባ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ እንግሊዛዊ አስተማሪ የገዛት ጥቁር ብስክሌት። በደጉ ጊዜ ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲለቃት ሸሚዙ እንደ ድንኳን ይነፋ ነበር፤ ይሄን ራሴ አይቻለሁ። አሁን ግን ፔርኖዋ ተበልቷል። ፔርኖ ስልሽ፣ ሁለቱን ፔዳሎች የሚያገናኘው፣ በብስክሌቱ ሆድ ውስጥ የሚያልፈው ብረት ነው። ፔዳሏን ስትረግጫት ትንቋቋለች፣ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ መሀል ላይ ደርሳ ቀጥ።

እማዬ ጉልበቱን በዘይት እያሸች ልታጥፍለት ስትሞክር አባዬ ጣራው እስኪነሳ ይጮህ ነበር። በመጨረሻ «በቃ ተይኝ! ብስክሌቷ ትሠራ፣ ያኔ እሞክራለሁ» አለ። ቃል ገባ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እግሩን ዱካ ላይ ሰቅሎ በረንዳ ላይ ይቀመጥና ቅዱስ ጊዮርጊስ ደወል ሲመታ ብቻ ቀና ይላል። ያ ቀልደኛ ሰውዬ! ግቢው ውስጥ የሚያልፈውን ሁሉ ሳይለክፍ የማያሳልፈው ሰው! እግሩ ካልታጠፈ ትሪ አያነሳም፤ ትሪ ካላነሳ ደግሞ አባዬ አባዬ አይደለም።

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት የምጠብቅበት ጊዜ ነው፤ ሥራ የለኝም። ብስክሌቷን ራሴ እሠራታለሁ ብዬ ተነሳሁ። ጎረቤታችን ሰማያዊ ላዳ የሚነዳ ባለታክሲ ነበር፤ እጁ ደግ፣ አፉ የማያርፍ። መፍቻውን ከመኪናው አምጥቶ እጅጌውን ሰበሰበ።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼማ ምን አላት! እኔ እኮ በጣሊያን ብስክሌት ያደግኩ ሰው ነኝ። ሆዷ ላይ ግራና ቀኝ ክዳን አላት፤ ሁለቱንም ወደ ግራ አዙረሽ ትፈቺያለሽ፣ ፔርኖውን መዘዝ፣ አለቀ!»

እውነትም የግራዋ ክዳን ያለ ሙግት ተፈታች። ፔርኖውን መዘዝነው። እሱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድኩ። እቃ ሻጩ አሮጌውን ካዲሱ ጋር አስተያየና ሙሉውን ሰጠኝ፤ አዲስ ፔርኖ፣ ሁለት ክዳን፣ የብረት ብይ በላስቲክ። ዳገቱን እየሮጥኩ ነው የተመለስኩት።

አሮጌዋ የቀኝ ክዳን ግን፣ ውስጧ ተበልቶ የግድ መቀየር ያለባት፣ አልነቃነቅም አለች። ላምባ አጠጣናት። በመዶሻ ነካ ነካ አደረግናት። ባለታክሲው መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክቶ ተንጠለጠለበት፣ እኔም ተደርቤ ተንጠለጠልኩ። ምንም። «ጥርሷን ነክሳለች» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ጋሼ፣ እና ምን እናድርግ?»

«ነገ ብየዳ ቤት ወስደን በእሳት ማስወጣት ነው።»

«ሆዷ ቢበላሽስ?»

«ቢበላሽማ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ቆራሌው አለልሽ!»

ጨነቀኝ። አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። ሰው ሚስማር ሲመታ እንኳ «እንዲያ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ሳይል የማያልፈው ሰው ዓይኑን ከኛ ላይ አልነቀለም፣ አንድ ቃል ግን አልተነፈሰም። ተስፋ ቆርጦ ነው ብዬ እንባዬ መጣ።

መጨረሻ ላይ ብስክሌቷን ገልብጠን፣ በኮርቻዋና በመሪዋ አቁመን እንደገና ታገልናት። እማዬ ጎመን እየቀነጠሰች ከኩሽና ደጃፍ ስታየን ቆይታ አላስችል አላት።

«እንዴ! ገልብጣችሁት ስታበቁ እንደ ቀናው ታዞሩታላችሁ? እሷ ከተገለበጠች እናንተም በግልባጭ አዙሩ እንጂ!»

ባለታክሲው መሬት ላይ እስኪቀመጥ ሳቀ። «እመቤቴ፣ ብሎን ዓይን የለው፣ መገልበጡን በምን ያውቃል? ቢቆምም ቢተኛም መዞሪያው ያው ነው!»

«አዙሩ አልኩ!»

«እሺ ይሁን፣ ቢያንስ ዝም ትልልን። አዙሪላት በይ» ብሎ መፍቻውን ለኔ ወረወረው።

ወደ ቀኝ አዞርኩ። ልቤ አልነበረበትም፣ እንዲያው እማዬን ደስ እንዲላት ነው። ቋ! አለ። እጄ አብሮት ሄደ። ክዳኗ ተነቃነቀች፣ ከዚያ ዝገቷን እያራገፈች በጣቴ መዞር ጀመረች።

ባለታክሲው ክዳኗን አየ፣ እኔን አየ፣ እማዬን አየ። «እ... ላምባው ዘልቆላት ነው» አለ። እማዬ ወደ ጎመኗ ተመለሰች። እኔ ሳቅኩ። እፎይ! እንዲያ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ሌላው ቀላል ነበር። ሆዷን በላምባ አጠብኩ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ብዮቹን አንድ በአንድ ግራሶው ላይ አስቀመጥኳቸው። የቀኟን ክዳን በተፈታችበት ተቃራኒ አዙሬ ገጠምኩ፤ ባለታክሲው አልተከራከረም። የግራዋን ትንሽ ሳጠብቃት ፔርኖው ይታነቃል፣ ሳላላት ይንቋቋል፤ እያጠበቅኩ እያላላሁ ልኳን አገኘኋት። ፔዳሉን መታ ሳደርገው ያለ ድምፅ ዞረ።

የኋላ ጎማዋ አየር ላይ እንዲሆን በሁለት የለስላሳ ሳጥን ላይ አስደግፈን አቆምናት። ሁላችንም ወደ አባዬ ዞርን።

«ዛሬ ደክሞኛል» አለ።

«ምን ሠርተህ ነው የደከመህ? ቃልህ የት ገባ?» አለች እማዬ።

ባለታክሲው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ደግፈን ሰቀልነው። መጀመሪያ ፔዳሉን ወደፊት ትንሽ፣ ወደኋላ ትንሽ ይለዋል። ከላይ ሊደርስ ሲል ጉልበቱ ይታገትበታል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፣ ይመልሰዋል። ወደፊት፣ ወደኋላ። ላቡ ክንዴ ላይ ይንጠባጠባል። «አባዬ በቃህ፣ ነገ» አልኩት፤ እኔው ፈርቼ። አልሰማኝም። ድንገት «ኧረ እናቴ!» ብሎ ጮኸና ፔዳሉ ከላይ አለፈ። ዞረ። ጎማው ሽር... ብሎ ጮኸ። እማዬ ጎመኑን በትና እልልታውን አቀለጠችው። አባዬ እያለቀሰ ይስቃል፣ ባለታክሲው «ቀስ! ፍሬን ያዝ! ከግቢ እንዳትወጣ!» ይላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ የሠፈሩ ሰው ጠዋት ጠዋት የሚነቃው በዚያች የትም በማትሄድ ብስክሌት ሽርታ ነበር። አባዬ ትንሽ እያነከሰም ቢሆን ወደ ትሪው ተመለሰ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ አግብቼ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ እሑድ ከጊዮርጊስ አብረን ስንመለስ ሳልጠይቀው ጀመረ።

«ያቺ የቀኝ ጎኗ ክዳን በግልባጭ እንደምትፈታ አውቅ ነበር። የእንግሊዝ ብስክሌት እንዲያ ነው። ሁለቱም ጎን በአንድ አቅጣጫ የሚፈታው የጣሊያኑ ነው።»

ቆምኩ። «አባዬ! ታዲያ እዚያ ቁጭ ብለህ ስታየን?»

«ፈርቼ ነበራ። ሞክሬው ባይታጠፍስ? ብስክሌቷ ካልተሠራች ጥፋቱ የብስክሌቷ ነው፤ ከተሠራች ግን...» እጁን አወናጨፈ። «ዝም ብዬ ብየዳ ቤት እስክትወስዷት እጠብቅ ነበር። እናትሽ ናት ያልለቀቀችኝ።»

«አትንገሪያት» አለኝ። «እሷ ነች የፈታችው።»

አባዬ አሁን የለም። ግቢውም የለም፤ ስፍራው ሰፊ መንገድ ሆኗል። ብስክሌቷ በየት በኩል እንደሄደች አላውቅም፤ አሮጌው ፔርኖ ብቻ ነው ካርቶን ውስጥ የተረፈው።

እማዬ ከኔ ጋር ነች፣ ኮንዶሚኒየም። የትናንቱን ብዙ ትረሳለች። ብረቱን እጄ ላይ ስታየው ግን ተቀበለችኝና በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

«ይኼ የአባትሽ አይደል? ገልብጠውት እንደ ቀናው ሲያዞሩት! ስንት ሰው ተሰብስቦ አንድ የሚያስብ ጠፋ። እኔ ባልኖር ያን እግር ማን ያጥፈው ነበር?»

«ማንም እማዬ» አልኳት። «ማንም አያጥፈውም ነበር።»