ከፎቶ ቤቱ መስኮት ያወረድኳት ልጄ

ልጄ ጋዋኑን መልበስ አልፈለገችም ነበር። «ገና ሳልፈተን?» አለችኝ። የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል መሸኛ ጋዋን እየተከራዩ ፎቶ ይነሱ ነበር፤ አብዛኞቹን ያነሳኋቸውም እኔው ነኝ። የሰው ልጅ በጋዋን ሳነሳ ከርሜ የራሴን በሹራብ ላነሳ ነው? ተናደድኩ። ፈተናውስ ቢሆን ለእሷ ምን ያስፈራል አልኩ፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ደረጃ ስትይዝ የኖረች ልጅ ናት።

ቆቡ ሰፍቷት ነበር። ባስተካከልኩት ቁጥር ወደ ቅንድቧ ይንሸራተታል፣ እሷም በሳቅ ትፈርሳለች። እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ሳለሁ ሳቅ አልወድም፤ ደንበኞቼ ያውቁኛል። «ቀና በይ! ዶክተር እንዲህ ይገለፍጣል?» እያልኩ ተቆጣኋት። አገጯን በሁለት ጣቴ ይዤ አቀናሁት፣ ትከሻዋን አዞርኩት፣ መብራቱን አስጠጋሁት። በመጨረሻ ሳቋ አለቀና ዝም ብላ አየችኝ። ያኔ አነሳኋት። የመረጥኩትም ይችኑ ነው፤ የሳቀችባቸውን ሁሉ አጠፋኋቸው።

ፎቶውን ባሕር ዳር ልኬ በትልቁ አሳተምኩትና ወርቃማ ፍሬም አስገባሁለት። ፎቶ ቤቴ ያለችው ቆሰበር ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር ነው። መስኮቱ ላይ ለዓመታት የቆየች አንዲት ሙሽራ ነበረች፤ እሷን አነሳሁና ልጄን ሰቀልኩ። ከዘንገና በኩል ድንች ይዘው ለገበያ የሚመጡ ሰዎች ቆም ብለው ያዩዋታል። ያንተ ናት ወይ ይሉኛል፣ አዎ ስላቸው አንዱ በአውኛ፣ አንዱ በአማርኛ ይመርቁልኛል። እኔም ደረቴን ነፍቼ አሜን እላለሁ። እሷ ግን በመስኮቱ ፊት ማለፍ ትታ በወዲያኛው ጠርዝ መሄድ ጀመረች። ውጤቱ እስኪመጣ አውርደው ብላ ለምናኝም ነበር። ትሕትና ነው ብዬ እንዲያውም ኮራሁባት።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። እኛ ከተማ ሰው ፎቶውን በትልቁ የሚያሳትመው ወይ ለደስታ ነው ወይ ለለቅሶ። የጋዋን ፎቶ ደግሞ ለሁለቱም ያገለግላል። ወጣት ሲሞት ቤተሰቡ ከግድግዳ ላይ የሚያወርደው እሱኑ ነው፤ አንድ ሰው በደረቱ ይዞት ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል። ፍሬም የሌለው ወደ እኔ ይመጣል፣ በጥድፊያ እሠራለታለሁ፣ አጽናንቼ እሸኛለሁ። ይህን ጠንቅቄ የማውቅ ሰው ነኝ።

ውጤት ሲለቀቅ ኔትወርክ አልነበረንም። ባሕር ዳር ያለው የአጎቷ ልጅ አይቶላት፣ መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ደወለ። አላለፈችም። ስልኩን ለእናቷ ሰጠችና ክፍሏ ገብታ ብርድ ልብሷን እስከ አናቷ ተከናነበች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ «አይዞሽ፣ ምንም አይደል፣ በሚቀጥለው ትፈተኛለሽ» አልኳት። ደህና አድርጌ ነው የተናገርኩት። በማግስቱ ግን ወደ ሥራ ስሄድ፣ ገና ከሩቅ መስኮቱን ሳየው መንገዴ ላይ ቆምኩ። ስንት ሰው አይቷታል፣ ስንቱ መርቆኛል።

ረፋዱ ላይ አንድ የቆዩ ደንበኛዬ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ የልጅ ልጃቸውን ጉርድ ፎቶ ሊያስነሱ መጡ። እግረ መንገዳቸውን ወደ መስኮቱ እያዩ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የት እንደደረሳት ጠየቁኝ። «ገና ነው፣ አልነገሩንም» አልኳቸው። ውሸቱ እንዴት ቀሎ እንደወጣ እኔኑ ገረመኝ። እግዜር ደጉን ያሰማህ ብለው ወጡ። እሳቸው እንደወጡ ወንበር ላይ ቆሜ ፎቶውን አወረድኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ለጉርድ ፎቶ ከኋላ የምዘረጋውን ነጭ ጨርቅ አውርጄ ፍሬሙን ጠቀለልኩበት። ጨርቁ አልበቃ ብሎ የቆቡ ጫፍ በላይ በኩል ሳይሸፈን ቀረ። ፊቷን ወደ ደረቴ አዞርኩና ሱቁን በጠራራ ፀሐይ፣ ያውም በገበያ ቀን ዘግቼ ወጣሁ። ባጃጅ ብይዝ ሹፌሩ ይጠይቀኛል ብዬ በእግሬ ነው የሄድኩት። አንገቴን ደፍቼ፣ ለማንም ሰላምታ ሳልሰጥ። ከፊት ለፊት ልብስ የምትሰፋው ሴትዮ የስፌት መኪናዋን ትታ ብድግ አለችና ምነው ብላ ጠየቀችኝ። ራሴን ነቀነቅኩና አለፍኩ። አትጠይቂኝ ማለቴ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እኔ በቀስታ ስራመድ ወሬው ከኋላዬ ተነስቶ ቀድሞኝ ነበር። የግቢዬን በር ስከፍት ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል ልብስ ሰፊዋ፣ የሰፈራችን ሴቶችና አንዲት የእድር አሮጊት ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ይመጣሉ። «ወይኔ ልጄ! ምነው ጋዋንሽን ሳትጠግቢ!» ይላሉ። ለማን ልጅ ነው የሚያለቅሱት ብዬ ቆሜ አየሁ። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን አየሁ።

ባለቤቴ ከማድ ቤት በሊጥ እጇ ወጣች። ሴቶቹን አየች፣ እኔንና ፍሬሙን አየች። ጮኻ ወደ ልጅቷ ክፍል ሮጠች። ልጅቷ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፣ ከማንም ጋር አልተነጋገረችም። እናቷ ስትሮጥ ሳይ፣ እውነት ነው የምለው፣ እኔም ሞታለች ብዬ አመንኩ። አጥሩን ተደገፍኩ።

ልጄ ብርድ ልብሷን እንደለበሰች፣ እናቷን አቅፋ ወጣች። ዓይኗ አብጧል። ደጃፉ ላይ ቆማ ለቀስተኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ነገሩ ከእኔ ይልቅ ቶሎ ገባት።

«አልሞትኩም» አለች። «ፈተና ነው የወደቅኩት።»

ልቅሶው ቆመ። አሮጊቷ መጀመሪያ ወደ እሷ ሄዱና ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳሟት። «እሰይ፣ ተመስገን፣ የኔ ዓለም» እያሉ አለቀሱ፤ ቅድም ከነበረው የበለጠ አለቀሱ። አንዷ እልል አለች። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ታዲያ ፎቶው ለምን ወረደ አለችና ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«መስታወቱ ተሰንጥቆ ነው፣ ላሠራው» አልኩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ልጄ መጥታ ፍሬሙን ከእጄ ወሰደችና ጨርቁን ፈታች። መዳፏን ከዳር እስከ ዳር መስታወቱ ላይ አሳለፈችው። ምንም አልነበረውም። ሰው ፊት ግን አላጋለጠችኝም፤ ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ ይቅር በሉን እያሉ፣ በተስኪያን ስለት እንድናስገባ እየመከሩን ሄዱ። ባለቤቴ ወደ ሊጧ ተመለሰች። ሁለታችን ግቢው ውስጥ ቀረን።

አይዞሽ ልላት ፈለግኩ፤ ትናንት ብዬዋለሁ። ይቅርታ ልል ፈለግኩ፤ አፌ አልታዘዘኝም። የምንተፍረቴን «ፀሐይ ነው፣ ግቢ» አልኳት።

አልገባችም። ፍሬሙን በእጇ እንደያዘች «አባዬ» አለችኝ፣ ሳትጮህ። «ብሞት ኖሮ ፊቴን ወደ ሰው አዙረህ ነበር የምትይዘኝ።»

እውነቷን ነው። እንደዚያ ይዘው የሚሄዱ ስንት አባቶችን አይቻለሁ። አንዳቸውም በልጃቸው አላፈሩም።