ለማትይዘው ልጅ ኳስ ማቀበል

አምስተኛ ክፍልን ቅርጫት ኳስ ማስተማር ስጀምር ልጆቹን ለሁለት ከፈልኳቸው፤ የሚችሉት በአንዱ ቅርጫት፣ የማይችሉት በሌላው። ለሁሉም የሚበጅ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ሄርዝል ጎዳና ላይ አውቶቡስ ስጠብቅ የአንዷ ተማሪዬ እናት አገኘችኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «መምህርት፣ ልጄ የስፖርት ቀን በመጣ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ትላለች። ምን ሆና ይሆን?» አለችኝ። ልጅቷን አወቅኋት፤ ኳስ ሲመጣባት ፊቷን በክንዷ የምትሸፍን ቀጭን ልጅ ናት። ከማይችሉት ጋር ለይቼ ያሳመምኳት እኔ ነኝ ለማለት አፈርኩና «አየዋለሁ» ብቻ አልኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ቀላቀልኳቸው። አራት አራት አድርጌ መደብኳቸውና፣ «ኳስ ይዞ መሮጥ የለም። ለጓደኛችሁ አቀብሉ፣ ከዚያ ወደ ባዶ ቦታ ሩጡ» አልኳቸው። በዚህ የተናደደችው ከሰዓት በኋላ ነስ ጺዮና ከተማ እየሄደች የምትሠለጥነው ጎበዟ ልጅ ነበረች። የመደብኳት ደግሞ ከቀጭኗ ልጅ ጋር ነው።

«እሷ እኮ አትይዘውም» አለችኝ።

«እንድትይዘው አድርገሽ ስጫት። ያንቺ ሥራ እሱ ነው።»

«ቤሰደር» አለች፣ በዕብራይስጥ «እሺ» ማለቷ ነው፤ ድምጿ ውስጥ ግን እሺታ አልነበረም። ኳሱን በሙሉ ኃይሏ ወረወረችው። ደረቷን ሲመታት ቀጭኗ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልቆጣ ስል ጎበዟ ራሷ ሄዳ አጠገቧ ተንበረከከች። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም። ሲነሱ ኳሱን ቀስ አድርጋ፣ መሬት አንጥራ ሰጠቻት። ያዘችው።

ከዚያ በኋላም ወራት ፈጅቶብናል። ቀጭኗ ልጅ ዛሬም ቅርጫት ውስጥ ብዙ አታስገባም፤ ግን ማን ብቻውን እንደቆመ ከሁሉም ቀድማ ታያለች። ጎበዟ ወደ ባዶ ቦታ ስትሮጥ ኳሱ እጇ ላይ ይደርስላታል።

ባለፈው ሳምንት ከሌላ ክፍል ጋር ገጥመው በጨዋታው ዕረፍት ላይ እየተመሩ ነበር። ቀጭኗ ልጅ ጠመኔ ለምናኝ ማን ወዴት እንደሚሮጥ ለማሳየት መሬቱ ላይ ክብና ቀስት መሳል ጀመረች። ጓደኞቿ ከበዋት፣ ጎበዟም ጎንበስ ብላ ታዳምጣለች። ሥዕሉ ስሕተት ነበረው፤ ሁለት ተጫዋቾችን አንድ ቦታ አቁማለች። ላርማት አሰብኩና ተውኩት፤ ሲጫወቱት ራሳቸው ያዩታል።

«ያላ፣ በሉ ሞክሩት» አልኳቸው።