ከመርዶው በፊት የነበረው ከሰዓት

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ኤርፖርቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። ራሴ ላይ ለሰርግ ብቻ የማወጣው ቀይ ሻርፕ አለ... በዚያ በድሬ ሙቀት!

ሻርፑን ያስለበሱኝ የጓደኛዬ የሰላም አጎት ጋሽ ተፈራ ናቸው። (ስሟን ቀይሬዋለሁ።) ሰላም ህንድ አገር ማስተርሷን ጨርሳ ያን ቀን ልትገባ ነው። እናቷ እትዬ ዘነቡ ከሞቱ አራት ወር ሆኗቸዋል... እሷ ግን አልተነገራትም። ትምህርቷን ጥላ እንዳትመጣ፣ በሰው አገር ብቻዋን ሆና እንዳትሰማው ተብሎ ነው። የኛ ነገር መቼም ይታወቃል፤ መርዶ በስልክ አይነገርም።

«ነጂባ ልጄ፣ ጥቁር እንዳትለብሺ። እስኪመሽ ከተማውን አዙሪያት፣ አብሊያት አጠጪያት። ማታ እኔ ቤት ታድራለች፣ ንጋት ላይ ዘመድ ሲሰበሰብ እናረዳታለን» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «እናቴስ ካለችሽ ጸበል ሄዳለች በያት።»

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ስለ ጸበል ምን አውቃለሁ? ግን ስለማመድ ነው የሰነበትኩት። የት ጸበል እንደሄዱ፣ ስልካቸው ለምን እንደማይሰራ... ሁሉንም አዘጋጅቻለሁ።

ሰላም ወጣች። በጣም ከስታለች። አቅፋኝ ብዙ ቆየች፣ ከዚያ ቀና ብላ «አቦ ነጂባ፣ ርቦኛል! ቤት ሳንገባ መጀመሪያ ድሬን አዙሪኝ» አለችኝ። እኔ ልላት የነበረውን እሷ አለችልኝ! አልሃምዱሊላህ ብዬ ሻንጣዋን ባጃጅ ላይ ጫንኩ።

መጋላ ሄደን ፈጢራ በላን፣ በእንቁላል፣ ማር ፈሶበት። እየበላች ስለ ህንድ ታወራልኛለች። የስኮላርሺፑ ገንዘብ ወሩን አያደርስም ነበር አለች። እዚያ ሲኮች የሚባሉት ቤተ አምልኳቸው ለመጣ ሰው ሁሉ በነጻ ያበላሉ። እሁድ እሁድ እዚያ እየሄደች፣ መሬት ተቀምጣ ከማታውቀው ሰው ጎን ትበላለች። ታዋቂዎቹ ቦታዎች ደግሞ መግቢያቸው ለውጭ ዜጋ ውድ ስለሆነ ከውጭ ነው ያየቻቸው።

«አንደኛው ከኋላው ወንዝ አለ፣ ከማዶ ቁጭ ብለሽ በነጻ ታዪዋለሽ። ወላሂ አስጎብኚ አድርገው ሊቀጥሩኝ ይገባ ነበር!»

ክርስቲያን ሆና ወላሂ የምትል የድሬ ልጅ ብቻ ናት። ሳቅን።

ፈጢራውን እኔ ከፈልኩ። ታይዋን ገበያ ገባን፣ ነጠላ ጫማ አየች፣ ገዛሁላት። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አማራት፣ ገዛሁላት። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ሻይ በወተት ጠጣን፣ እሱንም እኔ። የሚያውቁኝ ያውቁኛል... እኔ እኮ ሂሳብ ሲመጣ ስልክ ተደወለልኝ ብዬ ዞር የምል ሰው ነኝ።

ደግሞ አንድ ነገር... ያን ሁሉ ስንዞር ስለ እናቷ አንዴም አልጠየቀችኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቆይቶ ግን ፈራሁ። ሁለት ዓመት ርቃ የመጣች ልጅ፣ ያውም ለእናቷ አንድ፣ እንዴት አትጠይቅም?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ተቀመጥን። «በይ እንሂድ፣ ጋሽ ተፈራ ይጠብቁናል» አልኳት። አልተነሳችም። የሻርፔን ጫፍ ያዝ አድርጋ አየችው።

«ይሄ የሰርግ ሻርፕሽ ነው። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጋበዝሽኝ። አቦ ነጂባ... አንቺ እኮ መዋሸት አታውቂበትም።»

ያ ሁሉ የተለማመድኩት ጸበል ከጭንቅላቴ ጠፋ።

«አውቃለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እማዬ ስትደውል መጀመሪያ የምትለኝ ምን በላሽ ነበር። በኋላ ስልኳ ተበላሽቷል አሉኝ፣ ጉሮሮዋን አሟት ድምፅዋ ተዘግቷል አሉኝ... አመንኩ። አንድ ቀን ጋሽ ተፈራ ደወሉና ‹ምን በላሽ?› አሉኝ። ጋሼ በዕድሜያቸው ምን በላሽ ብለውኝ አያውቁም። ያኔ ገባኝ።»

መኝታ ክፍሏን ከሌሎች ልጆች ጋር ነበር የምትጋራው። ማልቀሻ ስታጣ በእግሯ ትወጣና እዚያ ወንዝ ዳር ተቀምጣ ታለቅሳለች። የሚያልፈው ሰው ጎብኚ ትመስለዋለች። ቅድም ያሳቀችኝ ጉብኝት ለካ ይሄ ነበር።

«እሺ ለምን እነሱን አልጠየቅሻቸውም?» አልኳት።

«ብጠይቅ ይነግሩኛላ! አሁንም እማዬ የምትሞተው ቤት ስገባ ነው፣ ነጂባ። እስክገባ ድረስ በሕይወት አለች። ትንሽ እንቆይ... በናትሽ።»

እዚያው ተቃቅፈን አለቀስን። አንድ የባጃጅ ሹፌር ቆሞ፣ ምን እንደሆንን ሳያውቅ «አይዟችሁ አቦ» ብሎን አለፈ። እንደዚያ ሆነን ጨለም እስኪል ተቀመጥን። ልንነሳ ስንል እጄን ያዘችኝ።

«እንዳወቅኩ እንዳትነግሪያቸው። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለኔ ብለው ተጨንቀው ነው የደበቁኝ።»

ንጋት ላይ ጋሽ ተፈራ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሰላም ወዳደረችበት ክፍል ገቡ፣ እኛም ተከተልናቸው። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ጮኸች። ያስመሰለች እንዳይመስላችሁ... የአራት ወር ለቅሶ ነው በአንዴ የወጣው። ሴቶቹ «ምስኪን፣ ሳታውቀው ስትስቅ ዋለች» ይላሉ። እኔ እንዳወቀች ሳልናገር አብሬያቸው አለቀስኩ።

ይሄን የጻፍኩት ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። ጋሽ ተፈራ እንደሆኑ ፌስቡክ የላቸውም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ምግብ ይዤ እሄዳለሁ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አበላታለሁ። ምን በላሽ ብዬ ግን አልጠይቃትም... እሱ የእናቷ ነው።