የታንከኛው ጭንቅላት የጠፋበት ሳምንት

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በታኅሣሥ፣ የፎገራ ሩዝ ታጭዶ ወረታ ከተማ በገለፈት አቧራ በታፈነችበት ሰሞን ነው። የማልረሳው በቀላል ምክንያት ነው። ለአሻንጉሊት ጭንቅላት ሲባል የተገዘተ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም።

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ወረታ የመጣሁት ከአዲስ አበባ በዝውውር ነው። ከሥራ ስመለስ ሞዴል ታንክ እገጣጥማለሁ። ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ ያነሰ ታንክ ተበታትኖ በካርቶን ይመጣል። አንተ ቁርጥራጩን እየሞረድክ፣ እያጣበቅክና እየቀባህ ትሠራዋለህ። ይህኛውን ወንድሜ ከውጭ ልኮልኝ አራት ወር ፈጅቶብኛል። ጭቃ የነካው እንዲመስል የፎገራን ጥቁር አፈር በጨርቅ ነፍቼ በቀጭን ብሩሽ ሰንሰለቱ ላይ ቀብቻለሁ። "በዚህ ዕድሜው ጭቃ ይጫወታል" ያሉኝ አሉ። አልተቀየምኩም፤ እውነት ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከታንኩ አናት ብቅ ብሎ የሚታይ ወታደር አለ፤ የእሱ ጭንቅላት። ከምስር ከፍ፣ ከሽምብራ ዝቅ ይላል። ቅንድቡን የሳልኩት ትንፋሼን ይዤ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ላጣብቀው ስዞር የለም።

አልጋ ሥር ገብቼ ስዳብስ "ማን ወሰደው?" አልኩ። ለራሴ ነበር ያልኩት። ጥፋቴ ያ ነው፤ ምክንያቱም አከራያችን እትየ ጥሩወርቅ ደጃፌ ላይ ቆመው ነበር።

"በእኔ ግቢ ዕቃ ጠፍቶ አያውቅም፤" አሉ። "ዛሬ ክፍልህ ማን ገባ?"

የገባችው አዲሴ ብቻ ናት። ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይታ ሩዝ መፈልፈያ ቤት በቀን ሥራ የምትውል፣ በሳምንት አንድ ቀን ክፍሌን የምትጠርግልኝ ሴት ናት። የዚያን ዕለትም ጠርጋ ነበር።

"ተዉት እትየ፣ ፕላስቲክ ነው፤" አልኳቸው።

"ዛሬ ጭንቅላት የወሰደ ነገ ሰውየውን ከነታንኩ ይዞት ይሄዳል። እስከ እሑድ ካልተገኘ ክፍሌን ትልቀቅ።"

አዲሴ አላየሁም ብላ ማለች። የደፋችውን ጥራጊ ተመልሳ በእጇ በተነችው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ስንገናኝ ሰላም ማለት ተወች። እኔም ይገኛል እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩ። ደፍሬ "እኔ አልከሰስኳትም" ብዬ ብጮህ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሐሙስ እትየ ጥሩወርቅ የነፍስ አባታቸውን ቄስ አድማሱን ይዘው መጡ። ስድስታችንም ተከራዮች ግቢው መሐል ተሰበሰብን። ቄሱ ታንኩን አስመጥተው በማጉያ መነጽሬ ጭንቅላት የሌለውን ወታደር ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

"ክርስቲያን ነው?" አሉኝ።

"አላውቅም አባ፤ ፋብሪካ ነው የሠራው።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእንዲህ ያለ ነገር መስቀል ማንሳት እንደከበዳቸው ያስታውቅ ነበር፤ እትየ ጥሩወርቅን እንቢ ማለት ግን ይበልጥ ይከብዳል። በመጨረሻ ገዘቱ። "ወስዶ የደበቀ፣ አግኝቶም ዝም ያለ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ የተገዘተ ይሁን።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው ደካማ ነው አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጣሳ የሩዝ ገለፈት አምጥተን አንድ ሸራ ላይ እንድንደፋ አዘዙ። የወሰደው ሰው በገለፈቱ ውስጥ ደብቆ ይመልሳል፤ ማን እንደመለሰ አይታወቅም፤ ማንም አያፍርም።

ዓርብ ጠዋት ብርድ ስለነበር ማክሰኞ አውልቄ የሰቀልኩትን ሹራብ ለብሼ ላስተምር ክፍል ገባሁ። ስለ ስበት ሕግ እየጻፍኩ ሳለ ፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ክርንዎ ላይ ሰው ተለጥፏል።"

ዞሬ አየሁት። ቅንድቡም አልጠፋም። ማክሰኞ ማጣበቂያ የፈሰሰበት ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ኖሯል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔን ግን አላሳቀኝም። ግዝቱን አስታወስኩ። አግኝቶም ዝም ያለ።

የዚያኑ ዕለት ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ስድስት ቤት አስቸግሬ፣ ቄስ አስጠርቼ "ክርኔ ላይ ነበር" ማለት አቃተኝ። ገለፈቱ ውስጥ ብጥለው ነገሩ ያልቃል ብዬ አሰብኩ።

ቅዳሜ ሁላችንም ተራ በተራ ደፋን። እኔም ጣሳዬን ከነጭንቅላቱ ገለበጥኩ። ቄስ አድማሱ ሳይቀሩ "በረከት ይሁን" ብለው አንድ እፍኝ ጨመሩበት። አዲሴ መጨረሻ ላይ ደፍታ ወደ በሯ ተመለሰች። ዕቃዋን በጆንያ አስራ ደጃፏ ላይ አስቀምጣዋለች።

እትየ ጥሩወርቅ ተቀምጠው ምስር እንደሚለቅም ሰው መልቀም ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ጭንቅላት አወጡ። ከእንጨት የተጠረበ፣ የእንቁላል ያህል፣ በእስክሪብቶ ጢም የተሳለለት ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን። ቀጥለው ሁለተኛ ጭንቅላት አወጡ፤ ይህኛው የጧፍ ሰም ነው። ሦስተኛው ጥቁር የእንጨት ጠጠር ነው፤ ከመቁጠሪያ የተፈታ። ቄስ አድማሱ መቁጠሪያ የያዘ እጃቸውን ቀስ አድርገው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡ። አራተኛው የእኔ ነበር።

"አንድ ጠፋ ብለህ አራት ተገኘ፤" አሉ እትየ ጥሩወርቅ። "የትኛው ነው ያንተ?"

አሳየኋቸው። አበቃ ብዬ ተነፈስኩ። እሳቸው ግን ወደ አዲሴ ዞረው፣ "አየሽ፣ ግዝቱ አስወጣሽ። እግዜር ይፍታሽ፤ ግን ከዚህ በኋላ አብረን አንኖርም፤" አሉ።

ያኔ ገባኝ። ጭንቅላቱ ካልተገኘ ሌባዋ አዲሴ ናት፤ ከተገኘም የመለሰችው ሌባ አዲሴ ናት። እኔ ያሰብኩት ስለ ራሴ ማፈር ብቻ ነበር።

"እኔ ነኝ፤" አልኩ። ክርኔን አንስቼ ማጣበቂያ የደረቀበትን ቦታ አሳየሁ። ተማሪዋን፣ ስበቱን፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። "ከትናንት ጀምሮ ይዤው ነበር። የጨመርኩትም እኔ ነኝ።"

ማንም አልሳቀም። ቄስ አድማሱ ሰማዩን ትንሽ አይተው፣ "እንግዲህ የተገዘትኸው አንተ ነህ። ሰባት ቀን፣ በቀን አርባ ስግደት፤" አሉና በመስቀላቸው ፈቱኝ።

እትየ ጥሩወርቅ ግን የተቀሩትን ሦስቱን መዳፋቸው ላይ ይዘው ቀርተዋል። "ኧረ እነዚህስ የማን ናቸው?"

የእንጨቱ ባለቤት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጠጠሩን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማንም አልተነፈሰም። ስለ ሰሙ አዲሴ ከበሯ ሳትነቃነቅ ተናገረች።

"እሱ የእኔ ነው። ያልወሰድሁትን ከየት ላምጣ? ሠራሁት።"

እትየ ጥሩወርቅ ብድግ አሉ። ሄደው ጆንያውን በገዛ ትከሻቸው አንስተው ወደ አዲሴ ክፍል አስገቡት። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። "እኔም ሦስት ቀን ልስገድ ይሆን አባ?" ብለው ጠየቁ። ቄሱ አምስት አሏቸው።

እኔ አርባ አርባውን ሰግጄ ጉልበቴ እስከ ገና አልተመለሰልኝም። በግቢያችን መርፌ ቢጠፋ እንኳ አሁን መጀመሪያ የሚፈተሸው የእኔ ክርን ነው። አዲሴም ሰላምታዋን መልሳልኛለች፤ ክፍሌን ግን አትጠርግም፤ እኔም አልጠይቃትም።

የፋብሪካውን ጭንቅላት ካርቶኑ ውስጥ መልሼዋለሁ። ታንኩ ላይ ያለው አዲሴ የሠራችው ነው። አፍንጫው ትልቅ ነው፣ ፊቱም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ሞዴል የሚሠራ ጓደኛዬ ፎቶውን አይቶ "የአራት ወር ሥራህን አበላሸኸው" አለኝ። አላበላሸሁትም። አንድ ንጹሕ ሰው ሌባ ተብሎም ቢሆን ቤቱ ውስጥ ለመቆየት ብሎ የሠራው ጭንቅላት ነው። ባየሁት ቁጥር መጀመሪያ እስቃለሁ፤ ቀጥሎ አፍራለሁ። ማፈሩ ይገባኛል።