ያረረው በቆሎ

አምና ልጄ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቃ ጎረቤቶቼ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው መጥተው አጽናንተውን ነበር። ዘንድሮ ደግማ ተፈተነች። ውጤቱ ይወጣል የተባለ ቀን እቤት መቀመጡ አስፈራኝና አሶሳ መናኸሪያ ጋ እንደወትሮዬ በቆሎ ልጠብስ ወጣሁ። ዓይኔ መንገዱ ላይ ስለነበር አንዱ በቆሎ አረረብኝ። ልጄ ስትመጣ ሳያት አንገቴን ደፋሁ።

እሷ እንደማታውቀኝ ገዢ ፊቴ ቆማ፣ «እናት፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምርቃት የለውም?» አለችኝ።

እኔ ደንግጬ ቀና ስል አጠገቤ የምትጠብሰው ሴት ቀድሞ ገብቷት እልል አለች። «በቃ፣ አንቺ ዛሬ በነጻ ልታድዪ ነው፤ የኔን ማን ሊገዛኝ ነው?» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ አደልኩ። ለልጄ የተረፋት ያ ያረረው ነበር፤ እሱኑ ከንፈሯ እስኪጠቁር እየሳቀች ጋጠችው።