የአለቃዬ ነጭ መኪና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ሰሞን ነው። ቤይሩት ብዙ ዓመት ኖሬ አሠሪዬን ፊት ለፊት «አይሆንም» ያልኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ከቤይሩት ወጣ ብላ ባለችው ኻልዴ ውስጥ የበር እጀታና የቧንቧ ጫፍ በኒኬል የሚለበጥበት ወርክሾፕ አጸዳ ነበር። የባለቤቱን ነጭ መኪና በየጠዋቱ የማጥበውም እኔ ነበርኩ። ብረቱ የታጠበበት ውሃ በማጣሪያ ያልፋል። ማጣሪያውን የተከለው ሰው እንደነገረን፣ ሞተሩ ውሃውን እየገፋ በጣም ስስ በሆነ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። ንጹሑ በአንድ ቱቦ ይወጣል፤ ኒኬሉን የያዘው መርዛማ አረንጓዴ ውሃ በርሜል ውስጥ ይቀራል። እሱን የሚወስድ የጭነት መኪና ነበር።

አንድ ቀን በርሜሎቹ ሞሉ። ባለቤቱ ለጭነት መኪናው መክፈል ከበደውና ወደ እኔ መጣ።

«ያ ሃጄ፣ እማማ፣ በጓሮ ባለው ቦይ ውስጥ ድፊው። ያላ፣ ቶሎ!»

«ሙስዬ፣ ቦዩ የአቡ ሰሚርን ማሳ ነው የሚያጠጣው።»

«ውሃ ነው እኮ! ያኒ፣ ትንሽ ቀለም ያለው ውሃ።»

አቡ ሰሚር የወርክሾፑ ጎረቤት ነው፤ ስልቅ የሚባል ቅጠል ይዘራል። አንድ ክፍል ተከራይተን የምንኖር ሴቶች በጾም ጎመን ብለን የምንሠራው የእሱን ስልቅ ነው።

ከበርሜሉ አንድ ባልዲ ቀዳሁ፣ ስፖንጄን ይዤ ወደ ነጩ መኪና ሄድኩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«መኪናህን ላጥብ።»

«በዚህ? ላ! ላ! ቀለሙን ይልጠዋል!»

«ውሃ ነው ብለኸኝ የለ?»

ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ። እሱ ፊቱ ቀላ።

«ኢቃማ የለሽም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቱ ነው። «ፖሊስ ልጥራ?»

«ጥራ» አልኩት። «ሲመጡ በርሜሎቹን አሳያቸዋለሁ።»

ባልዲውን ወደ በርሜሉ መለስኩ፣ ክዳኑን ገጠምኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሰደበኝ፣ ወጣ፣ ተመልሶ ገባ። አልተነሣሁም። በመጨረሻ ስልኩን ሲያነሳ ለፖሊስ መስሎኝ ነበር፤ የደወለው ግን በርሜሎቹን ለሚወስደው ሰው ነው። የጭነት መኪናው መጥቶ እስኪጭን ጠበቅሁ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ነገ እንዳትመጪ» አለኝ።

ማታ አብራኝ የምትኖረው ልጅ፣ ጥሩ የምትባለው፣ ተቆጣችኝ። «እትዬ፣ ለስልቅ ብለው ሥራዎን?»

«ቅጠሉን የምትበዪው አንቺ አይደለሽም?» አልኳት።

ለአቡ ሰሚር ሁሉንም ነግሬዋለሁ። አሁን ቦዩን ሳያይ ማሳውን አያጠጣም። እኔ አንጠልያስ በሚባል ሰፈር የፎቅ ደረጃ አጥባለሁ፤ ሥራው ለጉልበቴ ይከብዳል። በሚኒባስ በዚያ ወርክሾፕ በር ሳልፍ ግን ፊቴን አላዞርም። ነገም ያው ነገር ቢመጣ ያንኑ ባልዲ እሞላለሁ።