ቀብር የማይቀርበት ጥሩምባ ነፊ

ዚጊ ሱሃርስኪን ቅዱስ ላደርገው አልተነሳሁም። አፉ ክፉ ነበር። ካርታ ሲሸነፍ ያኮርፋል፣ የሰው መኪና ተውሶ ቤንዚኑን ጨርሶ ይመልሳል፣ ሚስቱ ለእንግዳ የሠሩትን ፒሮጊ የሚሉትን የፖላንዶች ሳምቡሳ እንግዳው ሳይደርስ ይጨርሰዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሞተ ወዲህ የባንዳችን ሰዎች ስሙን ባነሱ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ ስለሚያደርጉ ነው፤ ያንገሸግሸኛል። በሕይወት እያለ ድምፁን ዝቅ ያደረገለት ሰው አላየሁም።

ባንዱ «የሸለቆው ዘቦች» ይባላል። ከበሮና ጥሩምባ ነው፣ ሌላ የለውም። ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ የከሰል ማዕድኑ ተዘግቶ ሰዉ በቀረበት ሸለቆ፣ በጡረተኛ ወታደሮች ክበብ ምድር ቤት እንለማመዳለን። ትንሹ ሃያ ሁለት፣ ትልቁ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ተሰልፎ የነፋ ሰው ጡረታ ሲወጣ ተመልሶ ይመጣል፤ የደንብ ልብሱ ሆዱ ላይ አልቆለፍ ይለዋል እንጂ እግሩ ግራ ቀኙን አይረሳም። ወንዙ ሲሞላ ከሰው ቤት ጭቃ የምንዝቀው እኛ ነን። ለምስጋና በዓል አቅም ላነሰው ቤት የቱርክ ዶሮ የምናደርሰውም እኛ። ሰው ሲሞት ደግሞ ሁላችንም ነን። ለእኛ እድር ማለት ባንዱ ነው። በዚህም ደረታችንን እንነፋለን፤ ከጥሩምባው እሱ ይቀለናል።

ዚጊ በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ጥሩምባ ያስያዘኝ እሱ ነው፤ «ግሊን፣ ጉንጭህን አትንፋ፣ እንቁራሪት ነህ እንዴ?» እያለ። ኋላም ሥራ ያስገባኝ እሱ ነው፤ ሃያ ዓመት አንድ ፒክአፕ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ኖርን። ጥሩምባው ሁልጊዜ ከወንበሩ ጀርባ ነበረች። ክረምት ሲሆን ከንፈር የሚገጥምበትን መንፊያዋን ነቅሎ ብብቱ ሥር ይይዛል። «ብረቱ ከቀዘቀዘ ከንፈርህ ይደነዝዛል፤ ከንፈርህ ከደነዘዘ የምትነፋው አየር ነው» ይለኝ ነበር። መቶ ጊዜ ብሎኛል።

የቀድሞ ወታደር ሲቀበር የምትነፋ የስንብት ዜማ አለች። ሃያ አራት ድምፅ ናት፣ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አትበልጥም። ጥሩምባ የሚነፋ ወታደር እየጠፋ ሲሄድ ጦሩ መላ ዘየደ። የጥሩምባው ሰፊ አፍ ውስጥ የምትሸጎጥ ትንሽ ማሽን አለች፤ ወታደሩ ቁልፏን ይጫንና ጥሩምባውን ከንፈሩ ላይ ደግኖ ይቆማል፤ የሚጮኸው ማሽኑ ነው። ከሩቅ የሚያይ ሰው የነፋ ይመስለዋል።

አንድ ጥር ወር የመቃብር ቦታው ቧንቧ በብርድ ፈነዳና እኔና ዚጊ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን እንጠግን ነበር። ከእኛ ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ቀብር አለ። ወታደሩ ጥሩምባውን አነሳ፣ ዜማው ጀመረ፣ አሥራ አራተኛው ድምፅ ላይ ባትሪው አለቀ። ወታደሩ ጥሩምባውን ማውረድም መያዝም ጨነቀው። ቀባሪዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ አፈርኩላቸው።

ዚጊ የቧንቧ መፍቻውን ጣለና ወጣ። ወደ መኪናው ሄደ፣ መንፊያውን አፉ ውስጥ ከትቶ እያሞቀ፣ በጭቃ ቦቱ ሰዎቹ መካከል ገብቶ ቆመ። ከመጀመሪያው አልጀመረም። ማሽኑ ካቆመበት፣ ከአሥራ አምስተኛው ቀጠለ። አሥሩን ድምፅ ነፋ፣ ኮፍያውን አንስቶ ተሰናበተ፣ ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ያለቀሰ አልነበረም።

ማታ ስንመለስ እጁን የመኪናው ማሞቂያ ላይ ዘርግቶ «ግሊን፣ እኔን በማሽን እንዳታስቀብረኝ» አለኝ።

«ምን በወጣህ። አንተ እኔን ነው የምትቀብረኝ።»

«ቀልዱን ተወው። ማልልኝ።»

«እሺ፣ ማልኩ።»

«በምን?»

«በእናቴ።»

«እናትህን አውቃታለሁ፤ ከዋሸህ አትምርህም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ቢሞት፣ ማንም ቢደውል ሄዷል። በዝናብ፣ በበረዶ፣ ለማያውቀው ሰው፣ በነጻ። ስንት ቀብር እንደነፋ እሱም አልቆጠረ። የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ሰው ሠራሽ ባስገባ ጊዜ፣ በውድድር ላይ ለብቻው የሚነፋትን ዜማ «አንተ ውሰዳት፣ እኔ አሁን አፌ የተከራየሁት ነው» ብሎ ለእኔ ለቀቀልኝ። ቀብሩን ግን አልለቀቀም። ከፍ ያለችው ድምፅ ላይ ሲደርስ እንደ ሸክላ ትንሽ እየነቃበትም ቢሆን ነፋ።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ጓሮው ውስጥ ቲማቲም ሲለቅም ወድቆ ሞተ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቀብሩ ለቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ተባለ። ያ ቅዳሜ ሮቸስተር ከተማ ሄደን ከሌሎች ባንዶች ጋር የምንወዳደርበት ቀን ነበር፤ የዓመቱ ትልቁ ውድድር፣ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት መንገድ።

አሠልጣኛችን ክሬግ የዚጊ ሚስት ጋ ደውዬ ቀብሩን ማዘግየት ይቻል እንደሆነ እንድጠይቅ ላከኝ። ሚስስ ሱሃርስኪን ከልጅነቴ ጀምሮ በስማቸው ጠርቻቸው አላውቅም። «ልጃችን ከቴክሳስ መጥቶ እሁድ ይመለሳል፣ አይሆንም» አሉኝ። ቀጥለውም «አንተ ግን ትመጣለህ አይደል?» አሉ። «እመጣለሁ» አልኩ። ስናገር ከልቤ ነበር፣ ይህን እግዜር ያውቃል። ምን ያደርጋል።

ሐሙስ ምድር ቤት ተሰበሰብን። ክሬግ ወንበር ላይ ወጥቶ «ዚጊ ቢኖር ሂዱ ነበር የሚለን» አለ። ይህችን አባባል እጠላታለሁ። ሙት አፍ የለውም፤ ያሻህን ታስብለዋለህ። «ቀብሩ ላይ ጦሩ ጥሩምባ ነፊ ይልካል፤ ጠይቄያለሁ» ሲል ጨመረ። ሰዉ እፎይ አለ።

ትልቁን ከበሮ የምትመታው ሪታ ተነሳች። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ድምፅዋ ያለ ማጉያ ይሰማል። «ጦሩ የሚልከው ማሽን ነው። ዚጊ ማሽኑን እንዴት እንደሚጠላ የማታውቁ አላችሁ? ግሊን፣ አንተ አብረኸው ነበርክ። ንገራቸው እንጂ።»

ስድሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ክሬግም አየኝ። ያችን ለብቻ የምትነፋ ዜማ ስድስት ዓመት ተለማምጃለሁ፤ ሮቸስተር ስታዲየም ውስጥ አንድ ቀን ሳልሳሳት ልነፋት ነበር ምኞቴ። እኔ ከቀረሁ ደግሞ ዜማዋ የለችም፣ ውድድሩም የለም። አፌን ከፈትኩና «አንዳንዴ ሰውም ይልካሉ» አልኩ።

እውነት ነው፣ አንዳንዴ ይልካሉ። በእኛ ሸለቆ ግን አንድም ቀን ልከው አያውቁም።

እጅ አውጡ ተባለ። አወጣሁ። ሪታ የከበሮዋን ማንገቻ ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሬ ላይ አስቀመጠችና «አንተ ምታው፣ ሁለት እጅ አለህ መቼስ» ብላኝ ወጣች።

ቅዳሜ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ሮቸስተር አንድ ትምህርት ቤት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበርን። ክሬግ ልምምዱን አስቁሞ ለዚጊ አንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እናድርግ አለ። ኮፍያችንን አውልቀን ቆምን። አንድ ደቂቃ። ሃያ አራቱን ድምፅ ለመንፋት የሚበቃ ጊዜ ዝም ብለን ጨረስነው።

ማታ ግራ ክንዳችን ላይ ጥቁር ጥብጣብ አሥረን ስታዲየሙ ገባን። ስሙ በድምፅ ማጉያ ተጠራ፣ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ዜማዬ ደረሰች፤ ነፋሁ፤ አንዲትም ድምፅ አልነቃችብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ነፍቼ አላውቅም። ከአሥራ አንድ ባንድ ስምንተኛ ወጣን።

ስንመለስ ቀብሩ ላይ የዋለችው ሪታ ክበቡ በር ላይ ቆማ ጥብጣቤን አየችና «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችኝ። ማሽኑ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ፊቷ ላይ ነበር።

ሚስስ ሱሃርስኪን አራት ወር ሸሸኋቸው። ገበያ ውስጥ በሩቅ ሳያቸው ወደ ሌላ መደርደሪያ እዞራለሁ። የቤታቸው ቧንቧ ሲበላሽ ሌላ ሠራተኛ ላክሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ፈሪ መሆኔን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ጥር ላይ ራሳቸው ደወሉ። «ግሊን፣ ስልኩ እዚህ መጮሁን አላቆመም። ለዚጊ ነው የሚደውሉት። መሞቱን ሁሉም ሰው አልሰማም። ሐሙስ ቀብር አለ፤ ከባንዱ ማንን ልስጣቸው?»

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

«እንግዲያውስ መጥተህ ጥሩምባውን ውሰድ።»

ሄድኩ። ማድ ቤት አስቀመጡኝና ጥሩምባዋን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ መንፊያዋን በዚጊ የሱፍ ካልሲ ጠቅልለዋታል። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ማሽን መሆኑን በምን እንዳወቅሁ ታውቃለህ?» አሉኝ። «ያ ወታደር ደህና ልጅ ነው፣ ጉንጩን ሁሉ እየነፋ ያስመስል ነበር። ልጄ እስካሁን ሰው የነፋው ነው የሚመስለው። እኔ ግን ያችን ከፍ ያለችውን ጠበቅኋት። ዚጊ እዚያ ሲደርስ ትነቃበት ነበር፤ ከጥርሱ ወዲህ ሁሌም። ማታ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእሷ ይበሳጭ ነበር። በራሱ ቀብር ላይ ግን ንጹሕ ሆና መጣች። ያኔ ሰው እንደሌለ ገባኝ።»

«ሚስስ ሱሃርስኪ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«መማልህን ዚጊ ነግሮኛል። የማልከው ለእኔ ነው?»

«ለዚጊ ነው» አልኩ።

«እንግዲህ ለማልክለት ንገረው። ሐሙስ የምትሄደው እዚያው መቃብር ነው፤ ከፍ ብሎ ሁለተኛው ረድፍ።» ከዚያ የቤት እመቤትነታቸው አልቀረምና «ምሳ በልተሃል?» አሉኝ። በልቻለሁ ብዬ ዋሸሁ።

ሐሙስ ስምንት ሰው ነበር የቀበረው። በረዶ ይጥላል። መንፊያውን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ጊዜው ሲደርስ ገጥሜ ነፋሁ። ከፍ ያለችዋ ድምፅ ላይ ነቃብኝ፤ ክፉኛ ነቃ። ሮቸስተር ላይ ቢሆን ክሬግ ራሱን ይዞ ይጮህ ነበር። የሟቹ ሴት ልጅ በጓንቷ እጄን ያዘችና «እውነተኛ ሰው ይመጣል ብለን አልጠበቅንም ነበር» አለችኝ። አባቷ ማን እንደነበር፣ የት እንደዘመተ፣ ምን ይወድ እንደነበር ነገረችኝ። ማቋረጥ አልቻልኩም፤ ቆሜ ሰማኋት። ሩብ ሰዓት ይሆናል። ጥሩምባዋ በእጄ ተንጠልጥላ ነበር፣ መንፊያዋ እንደተገጠመ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ወጣሁ። ድንጋዩ ላይ ያለውን በረዶ በእጄ ጠረግሁ። መናገር አልሆነልኝም፤ ከእኔና ከእሱ መካከል ንግግር አዋቂ የነበረው እሱ ነው። ቀጥ ብዬ ቆምኩና ጥሩምባዋን አነሳሁ። ብረቱ ከንፈሬ ላይ ተጣበቀ። ነፋሁ። አየር ወጣ። ደግሜ ነፋሁ። አየር።

ለሃያ ዓመት የነገረኝን ለዚያች ሩብ ሰዓት ረስቼው ነበር። መንፊያዋን ነቅዬ ብብቴ ሥር ከተትኩና እስክትሞቅ ቆምኩ። ከንፈሬ ግን ደምቶ ነበር፤ ለሦስተኛ ጊዜ ስሞክርም ያው አየር ነው የወጣው። ካልሲው ውስጥ መልሼ ጠቀለልኳትና ወደ መኪናው ወረድኩ። ለሰኞ ሌላ ቀብር እንዳለ ሚስስ ሱሃርስኪ ማታ ደውለው ነገሩኝ፤ እሱም ለማላውቀው ሰው ነው።